ከኮምፖስት ክምር እስከ ተርብ ጎጆ፦ በደቡብ እንግሊዝ ትልልቅ ሮቭ ጥንዚዛዎችን ፍለጋ

ሮቭ ጥንዚዛ የሚባሉት በሳይንስ ስታፊሊኒዴ በሚባለው ቤተሰብ ስር የሚመደቡት ናቸው። እስካሁን የተለዩት ዝርያዎች ከ60,000 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር አያልፉም። የክንፍ ሽፋናቸው አጭር ስለሆነ ሆዳቸው ሳይሸፈን ይታያል፤ እንደ ልብ ስለሚተጣጠፍም ሌላ ጥንዚዛ በማይገባበት ስንጥቅ ሾልከው ይገባሉ። በአገራችን በዝናብ ወቅት መብራት ተከትሎ ቤት የሚገባው፣ ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ አቃጥሎ የሚያቆስለው ቀይና ጥቁር ቀጭን ነፍሳት (ፔዴረስ) ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ይህ ማስታወሻ የሚከተለው ትልልቆቹን፣ ማለትም 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የሚደርሱትን ነው። መንገዱ ከለንደን ተነስቶ በኬንት አውራጃ በኩል ወደ ባሕሩ ይወርድና ወደ ምዕራብ ዞሮ ኒው ፎረስት በተባለው ጫካ ላይ ያበቃል። ወሩ የተመረጠው እበት ላይ ለሚያድነው ጥንዚዛ ተብሎ ነው። ሁሉንም ዝርያ በአንድ ወር በደንብ ማየት አይቻልም፤ ግንቦት ለእበትና ለጥምብ ጥሩ ነው፣ ለተርብ ጎጆ ግን ገና ነው።

ግንቦት 12 (ሜይ 20)፣ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን

መጀመሪያ የሚፈለገው ኦሲፐስ ኦሌንስ ነው። እንግሊዞች የሰይጣን ሠረገላ ፈረስ ይሉታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እሱን ለማግኘት ጫካ መግባት አያስፈልግም። አሮጌ የጓሮ አትክልት ቦታ፣ ታችኛው ክፍሉ እርጥብ የሆነ የኮምፖስት ክምርና ለዓመታት ያልተነሳ የድንጋይ ድርድር ካለ ይበቃል።

ያስተናገዱን እናት ጓሯቸው ጠባብ ቢሆንም የሚፈለገው ሁሉ ነበረበት። ቀደም ብለው በስልክ እንደተነገራቸው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አሮጌ ጣውላዎች በባዶ አፈር ላይ አስተኝተው ነበር የጠበቁን። ይህ ዘዴ ምንም አያስወጣም፤ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል። ጣውላው ከአፈሩ ጋር በደንብ መግጠም አለበት፤ ሣር ላይ ከተቀመጠ ስሩ ይደርቃል። በየቀኑ ከተነሳም ማንም አይገባበትም፤ ሳምንት ያህል ተትቶ በጠዋት ቀስ ብሎ ከአንድ ጎን ማንሳት ነው።

ከጣውላው ስር የወጣው ጥንዚዛ አልሸሸም። መንጋጋውን ከፈተ፣ ጅራቱን ወደ ላይ ቆለመመ፣ ከጫፉም ሁለት ነጫጭ ዕጢዎች ብቅ አሉ፤ መጥፎ ሽታ የሚለቀው በእነዚህ ነው። አስተናጋጃችን ወደ ኋላ አፈግፍገው «ልጆቼ፣ ተዉት ጊንጥ ነው!» አሉ። ጊንጥ አይደለም፤ ጅራቱ ላይ መርዝ የለም። መንጋጋው ግን ቆዳ ይቆነጥጣል፣ ያማልም። በእጅ ከመያዝ ይልቅ ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ ከፊቱ አስተኝቶ ከኋላው በቅጠል ነካ ማድረግ ይሻላል። በወረንጦ ሆዱን መያዝ ለስላሳውን ክፍል ይጎዳዋል።

ቀን ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ያድናል። የመሬት ትል፣ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ፣ ሸረሪት፣ የሌሎች ነፍሳት እጭ ሁሉ ምግቡ ነው። ያደነውን በመንጋጋው እየደጋገመ አድቅቆ ድቡልቡል ያደርገውና ፈሳሹን ይመጥጣል። ሴቷ በመኸር እርጥብና ጨለማ ቦታ እንቁላሏን አንድ በአንድ ትጥላለች። ከወር ገደማ በኋላ የሚፈለፈለው እጭም እንደ ወላጆቹ ሥጋ በል ነው፤ ሦስት የእድገት ደረጃ እያለፈ 5 ወር ያህል በአፈርና በቅጠል ስር ይቆያል። ከዚያ ፑፓ (እጭ ወደ ጥንዚዛ የሚለወጥበት የማይንቀሳቀስ ደረጃ) ሆኖ ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ ጥንዚዛ ይወጣዋል።

የዚህ ዝርያ ምርጫ ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚያ 5 ወራት ነው። እጩ የሚኖርበት አፈር በብርዱ ወራት ከተገለበጠ ያልቃል። ጓሯቸውን በየዓመቱ በጥልቀት የሚቆፍሩ ሰዎች «ድሮ ነበር፣ አሁን ጠፋ» ሲሉ ምክንያቱን ከእጃቸው ላይ ያገኙታል። ኦሌንስ ክንፍ ቢኖረውም የሚበረው ከስንት አንዴ ነው። ቤቱ ከዓመት ዓመት እዚያው ስለሚቆይ በእግሩ ይሄዳል፤ ከአንድ ጓሮ ከጠፋም የሚመለሰው በእግሩ ስለሆነ ጊዜ ይወስድበታል። አንድ ጥሩ ዜና አለ፦ ለቀንድ አውጣ ይረጭ የነበረው ሜታልዲሃይድ የተባለ መርዝ እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 መጨረሻ ጀምሮ በብሪታንያ ከቤት ውጭ እንዳይውል ተከልክሏል።

ግንቦት 13፣ የሼፒ ደሴት፣ ኤልምሊ

ከደቡብ ምሥራቅ ለንደን ወደ ሼፒ የሚወስደው መንገድ ኤ2 ከዚያም ኤም2 ነው፤ የቴምስን ወንዝ ስለማያቋርጥ የዳርትፎርድ መሻገሪያ ክፍያ የለበትም። በኤ249 ወደ ደሴቱ ሲጠጉ ሁለት ድልድዮች ይታያሉ። አዲሱ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፣ ማንንም አያስቆምም። ወደ ኤልምሊ የሚያስገባው አሮጌው የኪንግስፈሪ ድልድይ ነው፤ መርከብ ሲመጣ መሐሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ይነሳል፣ መኪናውም ባቡሩም ቆሞ ይጠብቃል። የጠዋቱን ሙቀት ለመያዝ የመጣ ሰው እዚህ ሊዘገይ ይችላልና ሰዓቱን ሰፋ አድርጎ መነሳት ነው።

ኤልምሊ ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሲሆን ከብት የሚግጥበት ረግረጋማ የሣር ሜዳ ነው። ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው 2 ማይል ያህል ጥርጊያ መንገድ አለ፤ በዚያ መንገድ ከመኪና መውረድ አይፈቀድም፣ ምክንያቱም ወፎች መሬት ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ነፍሳት መሰብሰብ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሕግ በተጠበቀ ሳይንሳዊ ስፍራ ላይ የሚደረግ ቁፋሮም ሆነ ወጥመድ የናቹራል ኢንግላንድን (የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት) ስምምነት ጭምር ሊፈልግ ይችላል። ለማየት ብቻ ከሆነ ከመንገዱ ዳር ያለው እበት ይበቃል።

የሚፈለገው ኤሙስ ሂርተስ ነው። በብሪታንያ እጅግ ብርቅ ነው፤ ዋና መኖሪያው ይኸው የሰሜን ኬንት ረግረግ ነው። እስከ 28 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ራሱ፣ ደረቱና የሆዱ ጫፍ በወርቃማ ጸጉር ተሸፍኗል፤ ሲበር ያየው ሰው ጸጉራም ንብ ነው ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ዓይን ብዙም አይረዳም፤ የሚረዳው የእበቱን ዕድሜ ማወቅ ነው።

ላም እንደጣለችው ዝንቦች በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳሉ። ላዩ ገና የሚያብረቀርቅና እርጥብ ሳለ እበት በል ጥንዚዛዎች ይከተላሉ። ኤሙስ የሚመጣው እነዚህን ለማደን ስለሆነ ትኩስ እበት ይፈልጋል። ቅርፊት ከያዘ በኋላ ላዩ ላይ ማደን ያበቃል፤ ከቅርፊቱ ስር ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ የሚገቡት ፊሎንተስን የመሰሉ መካከለኛና ትናንሽ ሮቭ ጥንዚዛዎች ይወርሱታል። ከእነሱ መካከል አሌዮካራ የሚባሉት አሉ፤ እጮቻቸው የዝንብ ፑፓ ውስጥ ገብተው ከውስጥ የሚበሉ ናቸው። ቀናት ሲያልፉ እበቱ ቀላል፣ ደረቅና ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል። ያኔ ኤሙስን እዚያ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ስለዚህ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፀሐይ ያለበትና ነፋሱ ቀለል ያለበት ቀን ይመረጣል፤ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። መንጋው ካለፈ ብዙም ያልቆየበት ቦታ ይፈለጋል። ከእበቱ 2 ወይም 3 ሜትር ርቆ፣ ጥላ በማያርፍበት ጎን ተቁሞ፣ ቅርብ በሚያሳይ የወፍ መነጽር ይታያል። ጥላ ካረፈበት ጥንዚዛው እበቱ ውስጥ ይሰምጣል ወይም በደረቀው ሸክላ አፈር ስንጥቅ ይገባል። እየዞሩ እበት በእንጨት መገልበጥ የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው፤ የተሰበረ እበት በፍጥነት ስለሚደርቅ ለሚቀጥለው እንግዳም አይሆንም። የግድ መክፈት ካስፈለገ ከአምስቱ አንዱን ብቻ፣ ያውም ከፍቶ መልሶ መድፈን ነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ አንዱ ጮክ ብሎ እየጮኸ መጣና እበቱ ጠርዝ ላይ አረፈ። ክንፉን ለማጠፍ ሆዱን ወደ ላይ እየቆለመመ ሽፋኑ ስር ይገፋው ጀመር፤ ያ ሁሉ ክንፍ በዚያች አጭር ሽፋን ስር ሲገባ ማየት ራሱ መንገዱን ያካክሳል። ከዚያ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። አንድ ቢጫ የእበት ዝንብ አጠገቡ ስታርፍ ተወረወረ፣ ሳታት፣ ዳግመኛ ጠበቀ። በሁለተኛው ያዘ። ዝንቧን ነክሶ እንደያዘ እበቱ ውስጥ ገባ፤ ሲወጣ አልታየም።

ይህ ጥንዚዛ እበት ስላለ ብቻ አይኖርም። ብሪታንያ ውስጥ እበት ያልጎደለበት ስንት ቦታ እያለ እሱ ግን የለም። ሜዳው ለዓመታት ሳይታረስ በከብት መጋጡ፣ የአካባቢው ሙቀት፣ እንዲሁም ከብቱ የሚሰጠው መድኃኒት ወሳኝ ናቸው። አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ትል መድኃኒት የተሰጣት ላም በእበቷ መድኃኒቱን ለቀናት ታስወጣለች፤ በውስጡ የሚያድጉ የዝንብና የጥንዚዛ እጮችም ይሞታሉ ወይም ማደግ ያቅታቸዋል። አዳኙ ከላይ ሲመጣ የሚያድነው ያጣል። መንጋውን ሁሉ በአንድ ቀን ከመውጋት ይልቅ ትል በምርመራ የተገኘባቸውን ብቻ ማከም ከዚህ አንጻር ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

በአገራችን ደጋ እበት ለኩበት ይለቀማልና ሜዳ ላይ ውሎ ማደሩ እንደየቦታው ይለያያል። የእበት ጥንዚዛ ጥናት እዚያ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለቀማው በስንት ሰዓት ይጀመራል?» የሚለው ይመስለናል። ጠዋት የሚለቀም ሜዳ ለዝንብ ለራሷም አይበቃም።

ግንቦት 14፣ ዳንጀነስ

ኤልምሊን ትቶ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ዳንጀነስ ከአውሮፓ ሰፋፊ የጠጠር ባሕር ዳርቻዎች አንዱ ነው፤ አጠገቡ ማመንጨት ያቆመ የኒውክሌር ጣቢያ አለ፣ 15 ኢንች ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የምትሄድ ትንሽ ባቡርም ሰው ታመላልሳለች። መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ መውጣት የለበትም። ጎማው እስከ ግማሽ ይሰምጣል፤ ከዚያም የባሰው በጠጠሩ ላይ ቀስ ብሎ የበቀለው ዕፅዋት አንዴ ከተደፈጠጠ ለረጅም ዘመን አይመለስም። አንድ ሌላ ጎብኚ መኪናውን ለማስጎተት ግማሽ ቀን ሲያጠፋ አይተናል። ዓሣና ድንች ጥብስ 14 ፓውንድ ነበር፤ ለሁለት ይበቃል።

እዚህ የሚፈለገው ክሪዮፊለስ ማክሲሎሰስ ነው፤ ከ12 እስከ 23 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ጥቁር ሆኖ በክንፍ ሽፋኑና በሆዱ ላይ ግራጫ የጸጉር ቀበቶ አለው። የጥምብ እንግዳ ነው። ነገር ግን ጥምብ አይበላም ማለት ይቀላል፤ የሚበላው ጥምቡ ላይ ያሉትን የዝንብ እጮች ነው። ስለዚህ በብዛት የሚገኘው እጮቹ ሲርመሰመሱ ነው፤ የራሱ እጮችም እዚያው እያደኑ ያድጋሉ፣ ጊዜያቸው ሲደርስ አፈር ውስጥ ገብተው ፑፓ ይሆናሉ። ቤቱ የሚቆየው ቢበዛ ሳምንታት ስለሆነ ይህ ዝርያ ጎበዝ በራሪ ነው፤ ሽታ ተከትሎ ከሩቅ ይመጣል።

በባሕር ዳር የሚፈለገው የማዕበሉ መስመር ላይ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች የጣሉት ራስና አንጀት፣ የሞተ ወፍ፣ የተከመረ የባሕር አረም። የማዕበሉ ሠንጠረዥ ሳይታይ መውረድ አይገባም። ከፍተኛው ውሃ ካለፈበት መስመር በላይ ያለው ክምር የተሻለ ነው፤ በየቀኑ የሚታጠበው ክምር ውስጥ እጭ አያድግም። ክምሩ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሙቅና እርጥብ ከሆነ ልክ ነው። ሲነሳ መጀመሪያ የሚዘሉት የአሸዋ ቁንጫዎች ናቸው፤ ቀጥሎ ካፊየስ የሚባሉት ትናንሽ የባሕር አረም ሮቭ ጥንዚዛዎች ይበተናሉ፤ ትልቁ ጥንዚዛ ካለ ወደ ታች ወደ ጠጠሩ ይገባል። ለዚህ ከክምሩ ስር ነጭ ትሪ አስቀድሞ ማስገባት ይረዳል።

ወጥመድ ለሚፈቀድለት ሰው፦ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይቀበራል፣ ከላዩ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የዝናብ ክዳን ይደረጋል፣ ዓሣ በጨርቅ ተቋጥሮ ከክዳኑ ስር ይንጠለጠላል። ዙሪያው በሽቦ መረብ ካልተሸፈነና ካልተቸነከረ ቀበሮ ሌሊቱን ነቅሎት ያድራል፤ ያደርንበት ቤት ጓሮ የተቀበረው እንዲያ ሆኖ ተገኘ። በሕይወት መያዝ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጠዋት በማለዳ መድረስ አለበት፤ ኩባያው ውስጥ የገቡት ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይጨርሷቸዋል። ለዚህም ነው እያንዳንዱ ጥንዚዛ ለብቻው ብልቃጥ የሚያስፈልገው። ብልቃጡ ውስጥ የረጠበ እንጂ የሚንጠባጠብ ያልሆነ ወረቀት ይገባል፤ ጤዛ ከያዘ ይሰምጣሉ፣ መኪና መስኮት ላይ ከተቀመጠ ይበስላሉ።

ለአዳር የከፈልነው ቁርስን ጨምሮ 85 ፓውንድ ነው። የዓሣ ብልቃጦቹን ማቀዝቀዣቸው ውስጥ እንድናስቀምጥ ጠየቅን፤ ባለቤቲቱ በትሕትና እምቢ አሉ።

ግንቦት 15፣ የዋይ ኮረብታዎች፣ ኬንት

በጎች የሚግጡት የኖራ ኮረብታ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ሣሩ አጭር። ፀሐይ የሚመታው ደቡባዊ ቁልቁለት በቀን ስለሚግል ትልልቆቹ ከድንጋይና ከሣር ጉቶ ስር ይውላሉ። ፕላቲድራከስ ስተርኮራሪየስ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ባይደርስም፣ እንዲህ ያለ ደረቅና ፀሐያማ ሣር ይወዳል፤ የክንፍ ሽፋኑና እግሩ ቀላ ያለ ነው። የተነሳ ድንጋይ በነበረበት አቅጣጫ መመለስ አለበት፤ የተገለበጠ ድንጋይ ስር ያለው እርጥበት በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ነፋሱ ስለበረታ ብዙ አልቆየንም።

ግንቦት 16፣ ኒው ፎረስት

በኤም25፣ በኤም3፣ ከዚያ በኤም27 ነው የሚገባው። ጫካው ውስጥ አጥር በሌላቸው መንገዶች ፍጥነቱ በሰዓት 40 ማይል ነው፤ ፈረስና ላም እንደፈለጉ ያቋርጣሉ። በመኪና ማቆሚያዎች ማደር አይፈቀድም፤ በመንግሥት ደን ውስጥ ነፍሳት ለመሰብሰብም የፎረስትሪ ኢንግላንድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

እዚህ የሚበዛው ፋንድያ ነው። ፋንድያ ከእበት የላላና ቃጫ የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ የአደን ጊዜውም ያጥራል። ጥላ ያለበት ፋንድያ ላይ ኦንቶሌስቴስ ቴሰላተስ ይገኛል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ቡናማና ወርቃማ ጸጉሩ ከፋንድያው ጋር ስለሚመሳሰል እስኪንቀሳቀስ አይለይም። ዝንብ ስታርፍ ብቻ ራሱን ወደ እሷ ያዞራል። ጥላ ሲያይ ሮጦ አይሄድም፤ ይበራል። መረብ ከላይ አምጥቶ መድፋት ሳይሆን ከጎን በዝቅታ ማስገባት ይሻላል።

ዋናው የዚህ ጫካ እንግዳ ግን ቬሌየስ ዲላታተስ ነው፤ ከ15 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ጥቁር ነው። የሚኖረው የአውሮፓው ትልቁ ተርብ ጎጆ በሠራበት የዛፍ ቀፎ (ውስጡ ባዶ በሆነ ግንድ) ውስጥ ነው። ጎጆው ላይ ሳይሆን ከስሩ፤ ተርቦቹ የሚጥሉት የአደን ትርፍ፣ የሞተ እጭና እርጥብ ቆሻሻ ከሚከመርበት። እዚያ የሚያድጉትን የዝንብ እጮች ይበላል። አሮጌ የኦክ ዛፍ ውስጡ ካልበሰበሰ ቀፎ የለም፣ ቀፎ ከሌለ ክምር የለም፤ «ለአደጋ» ተብሎ የሚቆረጥ አሮጌ ዛፍ ሁሉ ለእሱ መንደር ማፍረስ ነው።

በዚህ ወር ንግሥቲቱ ጎጆ ጀምራ ሠራተኞቿ ገና የሉም ወይም ጥቂት ናቸው፤ ክምሩ የሚወፍረው በነሐሴና በመስከረም ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ቀፎ መክፈት አያዋጣም፤ ተርቦቹ ይወጋሉ፣ ክምሩም ይደርቃል። ጥንዚዛው ሌሊት ስለሚበር ወደ መብራትና ወደ ጣፋጭ ይመጣል፤ የእሳት ራት የሚያጠኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት በዚህ ነው። አንድ ጠርሙስ (750 ሚሊ ሊትር) ርካሽ ቀይ ወይን ከ1 ኪሎ ስኳር ጋር ስኳሩ እስኪሟሟ በለሰለሰ እሳት ይሞቃል፤ መፍላት የለበትም። ጥጥ ገመድ 1 ሜትር 1 ሜትር እየተቆረጠ ይነከርበትና ሊመሽ ሲል ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ናይሎን ገመድ አይመጥም። ዝናብ ካለ ሥራው ከንቱ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ደመና ያለውና ነፋስ የሌለው ምሽት ይመረጣል። ከመሸ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ ቢሸፈን ነፍሳቱ ብዙም አይደነግጡም። ገመዱን ማሰር ያለበት ፈቃድ በተገኘበት የግል ግቢ ውስጥ ነው፤ እኛም ያሰርነው ባደርንበት ቤት ግቢ ነበር። የእሳት ራት ሞላበት፤ ቬሌየስ አልመጣም።

የታየው ሁሉ አይሬከርድ በሚባለው የብሪታንያ መመዝገቢያ ላይ ይገባል። ቀን፣ የቦታ መለያ ቁጥርና ግልጽ ፎቶ የግድ ናቸው፤ ለኦሲፐስ ዘመዶች ፎቶው የመንጋጋውንና የራሱን ቅርጽ ከላይ ማሳየት አለበት፣ ካልሆነ አረጋጋጩ ይመልሰዋል። ለእበት ዝርያዎች አብዛኛው ሰው የሚረሳው በማስታወሻ ሳጥኑ ውስጥ የእበቱን ሁኔታ መጻፍ ነው፦ የሚያብረቀርቅ፣ ቅርፊት የያዘ ወይም የደረቀ፣ የላም ወይም የፈረስ፣ ፀሐይ ላይ ወይም ጥላ ስር።